ጮክ ተብሎ የተነበበው ምዕራፍ

መምህርት አልታዬ ቅዳሜ ጠዋት ወንበራቸው ላይ ሞተው ተገኙ። የልጆች ልብ ወለድ ጭናቸው ላይ ተከፍቷል፤ ከንፈራቸው ላይ የትራስ ጥጥ ተጣብቋል። ታፍነው ነው የሞቱት። ጡረታ ከወጡ ወዲህ የሚያነቡት የልጆች መጽሐፍ ብቻ ስለነበር መካነ ሰላም ከተማ ውስጥ የሚያሾፍባቸው አይጠፋም ነበር።

ኢንስፔክተር ሰርካለም መጽሐፉን ለማስረጃ ወሰደችው። ገለጥ አድርጋ ለማየት ብላ ጀምራ ምሳዋን ረስታ ጨረሰችው።

ከዚያ የሟችን ተከራይ ዘሊካን ጠየቀቻት።

«መጽሐፉን እኔ ነኝ ትናንት ከደሴ ያመጣሁላቸው። እንደታሸገ ሰጥቻቸው ለቅሶ ቤት ሄድኩ፤ እዚያው አደርኩ። ወላሂ፣ ደስታቸው የልጅ ነበር።»

ጎረቤታቸው አቶ ሀምዱ ከሟች ጋር በአጥር ጉዳይ መጣላታቸውን አልደበቁም። «ትናንት አመሻሽ ላይ ጮክ ብለው ሲያነቡ ሰማሁ። ቃሉን አልለየሁትም። በኋላ ዝም አሉ።»

የሟች ወራሽ የወንድማቸው ልጅ በፍቃዱ ነው፤ ኮሌጅ ውስጥ ሥነ ጽሑፍ ያስተምራል።

«ካየኋት ወር አልፎኛል» አለ። «ጃጅታ ነበር። ቤቷን ለልጆች ማንበቢያ ልትሰጥ ነበር እኮ። የተሸጠች በቅሎ ልጓም ስለምታጥብ ልጅ እያነበበ የሚያለቅስ ትልቅ ሰው ምን ይሉታል?»

ሰርካለም ያለውን ቃል በቃል ጻፈችው።

በማግስቱ ሦስቱንም በሟች ሳሎን ሰበሰበቻቸው።

«ጮክ ብሎ የሚያነብ ሰው አድማጭ አለው» አለች። «ዘሊካ ለቅሶ ቤት እንደነበረች ያደሩት ሁሉ መስክረዋል። አቶ ሀምዱ ገዳይ ቢሆኑ የንባቡን ነገር ባላነሱልኝ ነበር። በፍቃዱ፣ በቅሎዋ የምትሸጠው በመጨረሻው ምዕራፍ ነው። ሽፋኑ ላይ ያለው ወንዝ ብቻ ነው። መጽሐፉ ዓርብ መጣ፤ ከሟች ቀጥሎ የነካሁት እኔ ነኝ። ካየሃቸው ወር ካለፈህ፣ ልጓሙን ማን ነገረህ?»

«እንዲህ ያለ ተረት ሁሉም አንድ ነው።»

«አይደለም። ሌላ ደራሲ ቢሆን ልጅቷን ያስለቅሳት ነበር። ይኼኛው ዝም ብላ ልጓም እንድታጥብ አደረጋት። እኔም እዚያ ጋ ስደርስ ነው ለአፍታ መቀጠል ያቃተኝ።»

በፍቃዱ በአፍንጫው ሳቀ። «ቤቱን አትስጪ ልላት ነው የሄድኩት። ‹መጀመሪያ ይህን ስማ› ብላ እንደ ተማሪ አስቀምጣ አነበበችልኝ። ስትጨርስ እያለቀሰች ‹አሁንስ ገባህ?› አለችኝ፤ ትራሱን አነሳሁ።»

«ገባህ?»

«የልጆች መጽሐፍ ነው።»

«አዎ፣ ለልጆች ነው የተጻፈው። አንተ ገና አልደረስክበትም» አለችና ካቴናውን አጠለቀችለት።

በፍቃዱ ሲያልፍ አቶ ሀምዱ ልብሱ እንዳይነካቸው ጋቢያቸውን ሰበሰቡ።