የጋሽ በፍቃዱ አዲስ ስክሪን

«ሙነወር፣ ቶሎ ና! ጋሽ በፍቃዱ ትናንት የነቀልከው ቴሌቪዥን ላይ ተደፍተው ሞተዋል» አሉ እትዬ ምስራ በስልክ።

ገና ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ነበር። ሙነወር ሶማሌ ተራ እስኪደርስ እግሩ መሬት የረገጠ አልመሰለውም። ከሃያ ዓመት በላይ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ሲጠግን ኖሯል። ትናንት ከቀትር በኋላ ደግሞ በጋሽ በፍቃዱ ጌም ቤት ውስጥ ያለችውን፣ ሳንቲም እየተከተተባት መኪና የሚነዳባትን አሮጌ የጌም ማሽን ሲሠራ ነበር። ስክሪኗ ከሞተ ሦስት ወር አልፎታል። የእሷ ዓይነት ወፍራም የመስታወት ቲዩብ መርካቶን ቢያስሱ ስለማይገኝ፣ ሙነወር አሮጌውን ለመጨረሻ ጊዜ አብርቶ ከሞከረው በኋላ ነቅሎ በቦታው ፍላት ስክሪን አስገባ። አዲሱ ስክሪን የድሮው ጌም የሚልከውን ሥዕል አያነብም፤ ስለዚህ በሁለቱ መካከል ኮንቨርተር የሚሏትን መዳፍ የምታክል ቦርድ አስገብቶ ገመዶቹን በየቦታቸው ቀጠለ። የነቀለውን ቲዩብ ግን እዚያው ወለሉ ላይ ትቶት ሄደ።

ጋሽ በፍቃዱ አሁን በዚያ ቲዩብ ላይ በደረታቸው ተደፍተዋል። ቀኝ እጃቸው መስታወቱን እንደያዘ ቀርቷል።

በሩ ላይ የተሰበሰበው ሰው ለሙነወር መንገድ ለቀቀለት። ማንም ክፉ ቃል አልተናገረውም። ቢሰድቡት ይሻለው ነበር።

ሬሳው አጠገብ ቁጢጥ ብላ የነበረችው ሴት ቀና አለች። ኢንስፔክተር ሩሀማ አጠር ያለች፣ ስትናገር ድምፅዋን ከፍ የማታደርግ መርማሪ ናት።

«ቴክኒሻኑ እርስዎ ነዎት?»

«አዎ።»

«ይሄ ነገር ከሶኬት ተነቅሎም ሰው ይመታል የሚሉት እውነት ነው?»

«ኃይል ያጠራቅማል። አስቀድሞ ኃይሉን ማውጣት ያስፈልጋል።»

«አውጥተውታል?»

የሙነወር ዓይን በሩ ላይ ወደቆሙት ሰዎች ሄደ። ግማሾቹ ደንበኞቹ ናቸው።

«አውጥቼዋለሁ። ወላሂ!»

«ወላሂን ለትልቅ ነገር ያቆዩት» አለችና ወደ ሬሳው ተመለሰች።

የሙነወር ፊት ጋለ። አላወጣውም ነበር። ትናንት ቸኩሎ፣ «እንዳይነኩት፣ ነገ መጥቼ እወስደዋለሁ» ብቻ ብሎ ነው የወጣው። ይባስ ብሎ አዲሱ ስክሪን ላይ ቀለሙ ተዛብቶ እያየ፣ ፈትቶ እንደማስተካከል «ስክሪኑ አዲስ ስለሆነ ነው፣ ነገ በራሱ ይስተካከላል» ብሎ ሽማግሌውን አታለላቸው። ቀለም በራሱ እንደማይስተካከል ከእሱ በላይ ማን ያውቃል!

ሩሀማ የሟቹን ቆብ በጥንቃቄ ገለጥ አደረገች። ከማጅራታቸው በላይ ፀጉራቸው በደም ተጣብቋል።

«የወደቁት በፊታቸው ነው፤ የተመቱት ግን ከኋላ» አለች።

«ኮረንቲ እኮ ወርውሮ ነው የሚጥለው» አለ ጀዋር፤ ከጎን ባለው ሱቅ ብርድ ልብስ የሚሸጥ ነጋዴ ነው።

«ወደ ኋላ ወርውሮ ከጣለ በኋላ፣ መልሶ አምጥቶ በፊታቸው ይደፋቸዋል?»

ጀዋር ወደ ሱቁ ሊመለስ ዞረ። ሩሀማ ግን አላበቃችም።

«ይህን ክፍል ለመጋዘን ፈልገውት ነበር ይባላል።»

«ፈልጌ ነበር፤ እምቢ አሉኝ። በዚህ ሰው ይገደላል እንዴ?»

«ተገደሉ ያለ ሰው አልሰማሁም።»

«እ… እኔማ ትናንት አስራ አንድ ተኩል ላይ ዘግቼ ከሠራተኞቼ ጋር ነው የወጣሁት። ጠይቂያቸው» አለ እየተንተባተበ።

ቀጥሎ የተጠየቁት ሬሳውን ያገኙት እትዬ ምስራ ናቸው። ፊት ለፊት ጀሪካንና ሳፋ ይሸጣሉ።

«ማታ አንድ ሰዓት ላይ የሰፈሩ መብራት ጠፋ፤ ይኸው እስካሁን አልመጣም። ሊጠፋ ትንሽ ሲቀረው የጌሙን ሙዚቃ ሰማሁ። ቀይዋ ዳነች ብዬ ደስ አለኝ።»

«ቀይዋ?»

«ጌሟን ነው። ስክሪኗ ላይ ያለችው መኪና ቀይ ስለሆነች ሰፈሩ እንደዚያ ነው የሚጠራት።»

«ገብተው አይተዋታል?»

«በሩ ተዘግቶ ነበር። የሁለት ወንዶች ድምፅ ግን ሰምቻለሁ። አንዱ ሙነወር ነው ብዬ…» አሉና ንግግራቸውን ዋጡት።

«እኔ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ሄጃለሁ!» አለ ሙነወር። ድምፁ ለራሱም የውሸታም ድምፅ መሰለው።

ሦስት ሰዓት ላይ ከተማ የሚባለው የሟቹ ታናሽ ወንድም ደረሰ። ጥቁር ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ነጠላ አጣፍቷል። ሬሳው ሲወጣ በሩን ተደግፎ አለቀሰ።

«መጨረሻ የተገናኛችሁት መቼ ነው?» አለችው ሩሀማ።

«ለፋሲካ። እዚህ ቤት ከገባሁማ ዓመት አልፎኛል። ተው አልኩት! ስልሳ ዓመት የሞላው ሰው ከሊስትሮ ጋር እየተጋፋ ሰማያዊ መኪና ሲነዳ ይውላል? መጨረሻው ይኸው ሆነ። አንድ የረባ ቴክኒሻን እንኳ አጥቶ…»

ሙነወር አንገቱን ደፋ። ሰውየው የተናገረውን ቃል በቃል መስማት አልቻለም፤ ጆሮው ውስጥ የቀረው «የረባ ቴክኒሻን» የሚለው ብቻ ነው።

እትዬ ምስራ ከሱቃቸው በርጩማና ውሃ ይዘውለት መጡ። «ጠጣ እንጂ። አውቀህ አላደረግከው፣ አይዞህ» አሉት ቀስ ብለው። ይህ ደግነት ከሁሉም ባሰበት። ውሃውን ሳይጠጣ አስቀመጠው። ተነስቶ ሩሀማ ወደቆመችበት ጥግ ሄደ።

«ዋሽቻለሁ» አላት። «ኃይሉን አላወጣሁትም። በአላህ ስም ምዬ ነው የዋሸሁት። ጋሽ በፍቃዱን የገደልኳቸው እኔ ነኝ።»

ሩሀማ አልተቆጣችም። «ሰው ከነካው፣ የተጠራቀመው ኃይል ወዴት ይሄዳል?»

«በሰውየው አልፎ ያልቃል።»

«አላለቀ ከሆነስ?»

ሙነወር ወደ ቲዩቡ ዞረ።

«ካቻቢቴ ይዘዋል?»

«ይዣለሁ።»

«እንግዲያው ሰው ሁሉ ባለበት ኃይሉን ያወጡታል። እንደዋሹም ሰው ሁሉ ይሰማል። ይችላሉ?»

«እችላለሁ» አለ።

ሩሀማ ጀዋርን፣ እትዬ ምስራንና ከተማን ወደ ውስጥ ጠርታ በማሽኗ ፊት አቆመቻቸው።

«አቶ ሙነወር፣ ጠዋት የነገሩኝን ያስተካክሉ።»

ሙነወር ወለሉን እያየ ተናገረ። ጀዋር ከንፈሩን መጠጠ፤ ከተማ «አላልኳችሁም?» አለ። ሙነወር ካቻቢቴው ላይ ሽቦ ጠምጥሞ፣ የሽቦውን ሌላ ጫፍ ከቲዩቡ ብረት ጋር አሰረና የካቻቢቴውን ጫፍ በቲዩቡ ጎን ላይ ወዳለው የጎማ ክዳን ሥር ሰደደው።

ቿ!

ብልጭታው ግድግዳው ላይ በራ። እትዬ ምስራ ጮኹ።

«ሰማችሁ?» አለች ሩሀማ። «ኃይሉ እስካሁን ውስጡ ነበር። ጋሽ በፍቃዱ ኃይሉ የሚወጣበትን ቦታ ነክተው ቢሆን ኖሮ በእሳቸው አልፎ ያልቅ ነበር። ስለዚህ የገደላቸው ኮረንቲ አይደለም። ቁስሉም ያለው ከኋላ ነው። የማሽኗን የብረት ጠርዝ እዩት፤ አቧራ ለብሶ ሳለ አንዲት ቦታ ብቻ በጨርቅ ተጠርጋለች፤ ስንጥቁ ውስጥ ግን ደም ቀርቷል። አንድ ሰው ገፍቷቸው በጀርባቸው ከዚህ ጋር ተጋጩ። ከዚያ ጎትቶ ቲዩቡ ላይ ደፋቸው፤ ጥፋቱ የቴክኒሻኑ እንዲሆን።»

«እና ማን ነው?» አለ ጀዋር።

«መብራት እስኪመጣ እጠብቅ ነበር፤ አንድ ያልገባኝ…»

ቃሏን ሳትጨርስ አምፖሉ በራ። ማብሪያዋ ከማታ ጀምሮ ሳይጠፋ የቀረችው ማሽን ነቃች፤ የሩጫ ሙዚቃዋ ሐዘን ቤቱን ሞላው። አዲሱ ስክሪን ላይ መንገድ ተዘረጋ፤ መኪናዋም ብቅ አለች።

«ውይ! ቀይዋ ምን ሆነች?» አሉ እትዬ ምስራ።

መኪናዋ ሰማያዊ ናት።

ሩሀማ ስክሪኑን ትንሽ አየችና ወደ ሙነወር ዞረች። «ይሄ ከምን መጣ?»

ሌላ ቀን ቢሆን ኮንቨርተሩን፣ ስክሪኑን፣ ቻይናን ይወቅስ ነበር። «ከእኔ ስህተት» አለ። «የቀዩንና የሰማያዊውን ገመድ አቀያይሬ ኮንቨርተሩ ላይ አሰርኳቸው። አይቼ ሳለ ሳላስተካክል ሄድኩ። ነገ በራሱ ይስተካከላል ብዬ ዋሸኋቸው።»

«ይህን ለማን ነግረዋል?»

«ለማንም። አፍሬ!»

«እንግዲህ መኪናዋ ድሮ ቀይ ነበረች። ከዚያ ሦስት ወር ስክሪኑ ሞቷል። ሰማያዊ ሆና የታየችው ትናንት ከአስራ አንድ ሰዓት በኋላ መብራት እስኪጠፋ ድረስ ብቻ ነው፤ ያውም በዚህ በተዘጋ ቤት ውስጥ። አቶ ከተማ፣ ዓመት ያልረገጡት ቤት ውስጥ ወንድምዎ የሚነዱት መኪና ሰማያዊ መሆኑን ማን ነገረዎት?»

ከተማ ወደ ስክሪኑ ዞረ። ነጠላው ከትከሻው ወደቀ፤ አላነሳውም።

«ልጄ በሚቀጥለው ወር ታገባለች» አለ በመጨረሻ። «የባሏ ወገኖች ትልልቅ ሰዎች ናቸው። ወንድም አለህ ወይ ሲሉኝ፣ ሞቷል አልኳቸው። ከሊስትሮ ሳንቲም የሚለቅም ወንድም አለኝ ማለት አፈርኩ። ሰርጉን ከሰው ሰምቶ ትናንት ጠራኝ። ቤቱን አሳድሻለሁ፣ አማቾችህን አምጣቸው፣ እንግዳ የሚያሳፍር አይደለም አለኝ። ቴክኒሻኑ አትንኩት ያለውን አሮጌ ቲዩብ እንዳልጠጋው አስጠንቅቆኝ፣ ማሽኗን አብርቶ እየነዳ ያሳየኛል! አትመጣም አልኩት። ለምን ሲለኝ እውነቱን ነገርኩት። “ቆሜ እየሄድኩ ቀበርከኝ?” ብሎ ኮቴን ያዘኝ። እንዲለቀኝ ብዬ ነው የገፋሁት… እንዲለቀኝ ብቻ።»

እትዬ ምስራ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ሩሀማ ሄዳ የማሽኗን ሶኬት ነቀለች።

ፖሊሶቹ ከተማን ይዘውት ሲወጡ፣ ጀዋር መጥቶ ሙነወርን ትከሻውን መታ መታ አደረገው። «ያ ስህተትህ ባይኖር እኮ ሰውየው አምልጦ ነበር። እግዜር ነው ያሳሳተህ።» ሌሎቹም በሩ ላይ ተመሳሳይ ነገር ሲሉ ተሰማ። ሙነወር ግን ሄዶ በርጩማው ላይ ተቀመጠ።

ሩሀማ ቃሉን የጻፈችበትን ወረቀት ዘረጋችለት። «አንብበው ይፈርሙ፤ ከዚያ መሄድ ይችላሉ።»

አነበበው። እስክሪብቶውን ሳይፈርምበት መለሰላት።

«የቀረ ነገር አለ» አላት። «ትናንት ስወጣ ጋሽ በፍቃዱ፣ “ሙነወር፣ እንግዳ ይመጣብኛል፤ እስኪሄድ አብረኸኝ ብትቆይ ደስ ይለኛል” ብለውኝ ነበር። ፊታቸው ልክ አልነበረም። ከቆየሁ ቀለሙን አስተካክልልኝ ይሉኛል ብዬ፣ ቀጠሮ አለብኝ አልኳቸው። ቀጠሮ አልነበረኝም።»

«ይህ ለክሱ አያስፈልግም።»

«ይጻፉት።»

ሩሀማ ወረቀቱን መልሳ ተቀበለችና በሩ ላይ ያለው ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ቃል በቃል እያስደገመችው ጻፈችው።