የፀሐይዋ ምልክት

መጋዘኑ ውስጥ የበራው አምፖል አንድ ብቻ ነበር።

ቢጫ፣ አሮጌ፣ የዝንብ ኩስ ያዥጎረጎረው አምፖል። ከግድግዳው ማዶ ከበሮ ይደለቃል። ኦቦ ገቢሳ ልጁን እየዳረ ነው፤ አምቦ ላይ አለሁ የሚል ሁሉ ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጦ ሥጋ ይቆርጣል። የሠርጉ ፎቶ አንሺ ግን መጋዘኑ ውስጥ ካርቶን ተደግፋ ተንበርክካለች።

«ቶሎ በይ እህቴ» አለ ፈዲሉ በሩን በጀርባው ደግፎ። «ሙሽራዋ ልብስ ቀይራ ከወጣች ይፈልጉሻል።»

«ካርቶኑን ክፈትልኝ።»

ፈዲሉ የመጋዘኑ ዕቃ ያዥ ነው። ሚስቱ ቀድሪያ ባኮ ትኖራለች። እዚያ፣ በቆላው፣ ባለፈው ክረምት ትንሿን ልጃቸውን ነዒማን ወባ ያዛት። ፈዲሉ ከዚሁ መጋዘን መድኃኒት ይዞላት ሄደ። በሰዓቱ ዋጠች፣ አንድም ቀን አላስታጎለችም። ቀበሯት። ከዚያ በኋላ ነው መጋዘኑ ውስጥ የሚሸተው አሴቶን፣ ያ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ፣ አሮጌ ካርቶን ላይ የታተመ የማለፊያ ቀን መፋቂያ መሆኑ የገባው።

ሴቲቱን ከተማው «አያንቱ ፎቶ» ብሎ ነው የሚያውቃት። አዲስ አበባ ያለው የምርመራ ክፍሏ በምስጢር ስም «ሻሽ» ይላታል። እናቷ ባወጣችላት ስም የጠራት ሰው ከጠፋ ቆይቷል።

ካርቶኑ ተከፈተ። እንክብሎቹ በእሽጋቸው ተደርድረዋል። እውነተኛው የወባ መድኃኒት ቢጫ ነው፤ ገቢሳ የሚያስጨምቀው ነጭ። አንድ ፍሬ ኪስ ውስጥ ከትቶ መውጣት አይጠቅምም፤ ከየት እንደመጣ አይናገርም። የብርበራ ፈቃድ የሚገኘው ፍሬው ከነካርቶኑ፣ ከነማህተሙ፣ እዚሁ መጋዘን ውስጥ ከታየ ብቻ ነው።

የመጀመሪያውን ፎቶ አነሳች። ጨለማ።

ፍላሽ አይታሰብም፤ ብልጭታው በበሩ ስንጥቅ ይወጣል። አይኤስኦውን ገፋችው፤ ካሜራው ለብርሃን ያለውን ንቃት። እስከ ጫፍ ስትወስደው ምስሉ በራ፣ ግን አሸዋ የተበተነበት መሰለና የማህተሙ ፊደል ጠፋ። መለስ አደረገችው። ክርኗን ካርቶኑ ላይ ተክላ፣ ትንፋሿን ውጣ አነሳች።

ፊደሉ ተነበበ።

ፍሬዎቹ ግን ቢጫ ነበሩ።

ስክሪኑን አየች። እጇ ላይ ያለውን እሽግ አየች። ደግማ ስክሪኑን። ካሜራው ማዕዘን ላይ አንዲት ትንሽ የፀሐይ ምልክት አለች። ዋይት ባላንሱ፣ ካሜራው ነጭን የሚለይበት ልክ፣ ለፀሐይ ብርሃን ተሞልቷል። በአምፖል ሥር የሚነሳ ነገር ሁሉ በእንዲህ ያለ ካሜራ ቢጫ ይሆናል። ነጭ ወረቀት ቢጫ ይሆናል። ነጭ መርዝም።

ካሜራውን ያዘጋጀላት አለቃዋ ነው። «ወጌሻ»። ለሽፋን በከተማው የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል። «የፀሐይዋን ምልክት እንዳትነኪ» ብሏት ነበር። «እኔ አስተካክዬዋለሁ። ጥሬውን ፋይልም አጥፍቼዋለሁ፣ ቦታ ይፈጃል።» ጥሬው ፋይል፣ ካሜራው ያየው ሁሉ ሳይነካ የሚቀመጥበት፣ ቢኖር ቀለሙ በኋላ ይታረም ነበር።

ከሷ በፊት ኤቢሳ የሚባል ባልደረባዋ እዚሁ ገብቶ አንስቶ ነበር። ፎቶዎቹ ሁሉ ቢጫ ሆነው ወጡ። «መድኃኒቱ ትክክለኛ ነው» ተብሎ ተጻፈ፣ ኤቢሳም በሐሰት ወሬ ከሥራ ተባረረ። የኤቢሳንም ካሜራ ያዘጋጀው ወጌሻ ነው።

ካሜራውን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች።

«ምን ሆንሽ?» አለ ፈዲሉ።

«ኮፍያህን ስጠኝ።»

ነጭ የሶላት ኮፍያውን አውልቆ ሰጣት፣ አልጠየቀም። ወጌሻ የሰጣትን የካሜራ ሚሞሪ ካርድ አውጥታ የራሷን ከተተች። ኮፍያውን ከአምፖሉ ሥር ዘርግታ፣ ምስሉን በሱ ሞልታ አነሳችና ካሜራውን ነጭ ማለት ይሄ ነው አለችው። ከዚያ ካርቶኑን፣ ማህተሙን፣ ፍሬውን አከታትላ አነሳች።

ፍሬዎቹ ነጭ ሆነው ወጡ። እንደ ኖራ።

የራሷን ካርድ የፍላሹ ባትሪ ቤት ውስጥ ሸጎጠች። የወጌሻን ካርድ መለሰች። የፀሐይዋን ምልክት መለሰች።

በሩ ተገፋ።

ፈዲሉ ወደ ጎን ተንገዳገደ። ኦቦ ገቢሳ ነው፤ ነጭ በነጭ ለብሶ፣ ካባ ደርቦ፣ በአንድ እጁ ቁርጥ ይዞ። ስቡ እስከ ክርኑ ወርዷል።

«አካም ጅርታ፣ ፎቶ አንሺዋ!»

«ኦቦ ገቢሳ… ለሙሽሮቹ የሚሆን ጥላ እየፈለግሁ ነው። ውጭ ፀሐዩ ፊታቸውን ይከፍለዋል።»

ይቆጣል ብላ ጠበቀች። አልተቆጣም። የተከፈተውን ካርቶን አየ፣ ካሜራውን አየ። ከዚያ ዓይኑ ዞሮ ፈዲሉ ላይ አረፈና እዚያው ቆየ።

«ጨረስሽ?» አላት። እየሳቀ።

ያን ጊዜ ሁሉም ገባት። ሰውዬው ከወጌሻ ሰምቶ ማንነቷን ያውቃል። እንድታነሳም ይፈልጋል፤ ፎቶዎቿ ነጻ ያወጡታል። የመጣው እሷን ሊይዝ አይደለም። በሩን የሚከፍትላት ማን እንደሆነ ሊያይ ነው። ወጌሻ ስንት ጊዜ ጠይቋት ነበር፤ ምንጯን ግን ነግራው አታውቅም።

አሁን መንገር አላስፈለገም።

«ኛዱ! ብዪ!» አለ ገቢሳ፤ ቁርጡን በአዋዜ ነክሮ ወደ አፏ ሰደደው። ጣቶቹ ጥርሷን ነኩት። ከስቡ በታች አሴቶን ሸተቱ።

ዋጠችው። «እጅዎ ይባረክ» አለች።

ገቢሳ እንደወጣ ፈዲሉን ክንዱን ያዘችው። «አሁኑኑ ውጣ። በጓሮ። ዕቃህን አትይዝም።»

«ፎቶው ወጣልሽ?»

«ወጣ።»

«ነጭ ነው?»

«ነጭ ነው ፈዲሉ። ሂድ!»

ኮፍያውን ራሱ ላይ አድርጎ ሄደ።

ከመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ ሆና ለአደጋ ብቻ የሚደወልበትን ቁጥር ደወለች። ያነሳችው የክፍሉ ኃላፊ ወይዘሮ ጥሩሰው ናት።

«ሻሽ ነኝ። ወጌሻው እጁ ተሰብሯል።» ከድቶናል ማለት ነው።

«ዕቃው አለሽ?»

«አለ። ግን በር የከፈተልኝን ሰው አይተውታል። አሁን ሰው ላኪለት።»

«አሁን ከነካናቸው መጋዘኑን ያጸዱታል። ለወጌሻ የሱን ካርድ ስጪው፣ ምንም አታውቂም። ነገ ቅዳሴ ሲወጣ፣ አዲስ ዓለም ማርያም እንገናኝ።»

«ይገድሉታል እኮ።»

«ነገ» አለች ጥሩሰው። ስልኩ ተዘጋ።

ሙሽሮቹ የአቮካዶው ዛፍ ሥር ቆመው ይጠብቋታል። «ፈገግ በይ የኔ ቆንጆ» አለቻት ሙሽራዋን። ልጅቷ ከልቧ ሳቀች፤ አባቷ ምን እንደሚሸጥ አታውቅም። አያንቱ የራሷን ካርድ መልሳ ከታ ረጅሙን ሌንስ ወደ ዓይኗ አነሳች። ከቬሉ በስተኋላ፣ ከጓሮው በር አጠገብ፣ ሁለት ሰዎች ፈዲሉን የሰከረ አስመስለው አቅፈውታል። የገቢሳ ፒክአፕ ተከፍቶ ይጠብቃል።

መጮህ ትችል ነበር።

ትኩረቱን ከሙሽራዋ ፊት ወደ ፈዲሉ ፊት ወሰደችና አነሳችው።

ፒክአፑ ወጣ። ሴቶቹ እልል አሉ። እሷም አብራ እልል አለች፤ ድምፅዋ እንደ ሌላ ሰው ድምፅ ጆሮዋ ውስጥ ቀረ።

አመሻሹ ላይ ወጌሻ የፍል ውኃው መዋኛ ያለበት ግቢ ውስጥ፣ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ጠበቃት። ጥብስ አዟል። አምቦ ውኃውን ጠጥቶ አገሳ፣ አፉን በእጁ ጀርባ ጠረገ፣ በዚያው እጅ ካርዱን ተቀበላት። ትንሽ ካሜራ አውጥቶ ፎቶዎቹን ማገላበጥ ጀመረ።

«ቢጫ ናቸው» አለ፣ እንዳዘነ ሰው።

«እኔም እንደዚያ ነው ያየሁት።»

«በቃ፣ ሰውዬው ንጹህ ነው ማለት ነው። ዓመት ሙሉ ለፋን። አይኤስኦው ላይ ግን ጎበዝ ነሽ፣ ማህተሙ ጥርት ብሏል።»

ጣቱ ቆመ።

ካሜራ ለእያንዳንዱ ፎቶ ተከታታይ ቁጥር ይሰጣል። መሃል ላይ ቁጥሩ ዘሎ ነበር።

«እነዚህስ የታሉ?»

«ሙሽራዋን በሌላ ካርድ ነበር የማነሳት። ካርድ እያቀያየርኩ።»

«ትክክል» አለ ወጌሻ። ዓይኑ ግን ትክክል አላለም። አንድ ጥብስ አንስቶ በቀስታ አላመጠ። «በሩን የከፈተልሽ ልጅስ ደህና ነው?»

«ቤቱ ሄዷል።»

«ጥሩ ነው። ሰው ቤቱ ሲሄድ ጥሩ ነው።»

ፊቱ ላይ ልታስመልስበት ፈለገች። «ደህና ያምሹ ጋሼ» ብላው ተነሳች።

ፎቶ ቤቷን አልዘጋችም። መብራቱን አብርታ፣ ካሜራውን ጠረጴዛ ላይ ትታ፣ በጓሮ ወጣች። አንዲት ደንበኛዋ ቤት አደረች። ጠዋት ነጠላ ተከናንባ፣ ካርዱን ካልሲዋ ውስጥ ሸጉጣ፣ ወደ አዲስ አበባ በሚሄድ ሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ጊንጪ ሲደርሱ ፒክአፑ ቀድሟቸው መንገዱን ዘጋ።

ሚኒባሱ ቆመ።

አንድ ሰው ወረደ። ትናንት ፈዲሉን በግራ በኩል ያቀፈው ነው። በመስኮቱ ራሱን አስገባ። «ካሜራ የያዘች ሴት አሳፍራችኋል?»

ረዳቱ ትከሻውን ሰበቀ። ሰውየው ፊት ለፊት ያሉትን ሴቶች አንድ በአንድ አያቸው። ከጎኗ የተቀመጡት አሮጊት ጉልበታቸው ላይ የታሰረ ዶሮ ይዘዋል።

«እማማ፣ ያቺ ልጅዎት ናት?»

አሮጊቷ አያንቱን አዩዋት። ሰውየውን አዩት። የደረቀ ደም ጥፍሩ ሥር ነበር፤ እሳቸውም አዩት።

«የልጄ ልጅ ናት» አሉ። «ለስለት ነው የምንሄደው። ልቀቀን እንግዲህ፣ ቅዳሴው አለፈን።»

ፒክአፑ መንገዱን ለቀቀ። አያንቱ አዲስ ዓለም ላይ ወረደች።

ጥሩሰው ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ መኪና ውስጥ ነበረች። ካርዱን አየች፣ ነጮቹን ፍሬዎች አተልቃ አየች፣ ስልክ አነሳች። «ግቡ» አለች።

ቀትር ላይ መጋዘኑ ተከበበ። ገቢሳ ከመልስ ግብዣ ላይ ተያዘ። ነጩ ፍሬ በጭነት መኪና ተጓጓዘ። የፈዲሉን ሬሳ ጉደር ወንዝ ዳር ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች አገኙት።

በሳምንቱ ጥሩሰው ቢሮዋ ጠራቻት። ሬዲዮው ዜናውን አውርቶ ነበር፤ የመጋዘኑ ዕቃ ያዥ «የወንጀሉ ተባባሪ» ተብሏል፤ «በእርስ በርስ ጠብ» ነው የሞተው።

«ይህን ማን አለ?»

«ወጌሻ። ምስክር ሆኗል። ከገቢሳ በላይ ያሉትን ስም እየሰጠን ነው። በምላሹ አይከሰስም፤ ወደ ሌላ ክፍል ይዛወራል።»

«ፈዲሉን ሲወስዱት ያነሳሁት ፎቶ አለ። ፊቱ ይታያል፣ እጁ ተጠምዝዟል። ተባባሪ እንዲህ ነው የሚወሰደው?»

ጥሩሰው መነጽሯን አወለቀች። «ፎቶው ሰዓት አለው። ያን ሰዓት ደውለሽልኛል። ማወቃችንን፣ አውቀንም መጠበቃችንን ያሳያል። መዝገቡ ውስጥ አይገባም።» ከዚያ ለስለስ አለች። «መጋዘኑን ዘግተነዋል። ስንት ሕፃን እንደዳነ አስቢ።»

አሰበች። እውነት ነው። እውነት መሆኑ ነው የባሰ ያስጠላት። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሁሉ፣ ምንጣፉ፣ የጥሩሰው የለሰለሰ ድምፅ፣ የራሷ ዝምታ፣ አሴቶን አሴቶን ሸተታት።

መታወቂያዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወጣች። የፈዲሉን ፎቶ ቅጂ ግን ካርዱን ከማስረከቧ በፊት አስቀርታ ነበር።

ባኮ ሞቃት ነበር። የፈዲሉ ቤት ከበቆሎው ማሳ ጥግ ነው። ለተዕዚያ፣ ለለቅሶው፣ የተዘረጋው ሸራ ሥር ያሉት ሴቶች ጥቂት ነበሩ፤ ዜናውን የሰማ ጎረቤት ቀርቷል። ወባ ልጁን የገደለበት ሰፈር ለመርዝ ነጋዴ አያለቅስም።

ቀድሪያ ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣለች። «የማን ነሽ?» አለቻት፣ ፊቷን ሳታነሳ።

«አብሬው እሠራ ነበር።»

«አንቺም መርዙን ታሽጊ ነበር?»

ሴቶቹ ዞረው አዩዋት።

አያንቱ አጠገቧ ቁጭ አለች። ድምፅዋን አልቀነሰችም፤ ሁሉም እንዲሰማ ፈለገች። «ባልሽ መርዝ አላሸገም። መጋዘኑን ያስያዘው እሱ ነው። በሩን የከፈተልኝ እሱ ነው። ስለ ነዒማ ብሎ ነው። ሲይዙት እኔ እዚያው ነበርኩ፣ አልጮህኩም።» ፎቶውን ከቦርሳዋ አወጣች። «ይህን ለጠበቃ ስጪው። ቀኑና ሰዓቱ ከኋላው ተጽፏል። የያዙት ሰዎች ፊት ይታያል።»

ቀድሪያ ፎቶውን ያዘች። የባሏን ፊት በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። አላለቀሰችም። አጠገቧ ለነበረችው ሴት ሰጠቻት፣ ያቺም ለሌላዋ፣ ፎቶው ሸራው ሥር ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። አንዷ «ኢና ሊላሂ» ብላ አፏን ያዘች። ሌላዋ ተነስታ ጎረቤቶቹን ልትጠራ ወጣች።

«አልጮህሽም» አለች ቀድሪያ።

«አልጮህኩም።»

ቀድሪያ ቀና ብላ አየቻት። «ለጠበቃው ማን ሰጠኝ ልበል? ስምሽ ማነው?»

ብዙ ስም ነበራት። የትኛውም ለዚህች ሴት የሚሰጥ አልነበረም።

«ፎቶ አንሺዋ በይው» አለችና ተነሳች።

መንገዱ ላይ በቆሎ የጫነ አይሱዙ ወደ ነቀምቴ ሊወጣ ሞተሩን አስነስቶ ነበር። ሾፌሩ የት እንደምትሄድ ጠየቃት። «እስከምትደርስበት» አለችው፤ ከጆንያዎቹ አጠገብ ወጥታ ተቀመጠች። ከኋላዋ፣ ሸራው ሥር፣ ሰው መሰብሰብ ጀምሮ ነበር።