ፋኖስ የጠፋበት ምድር ቤት

ሬሳው መድረኩ ላይ በጀርባው ተንጋሎ ነበር። ጊታር አንግቷል፤ ቀኝ እጁ ማይክሮፎኑን ጨብጦ አልለቀቀም።

ሟቹን ከተማው ሁሉ «ፋኖስ» ይለው ነበር። ሥራው የተደበቁ የሙዚቃና የሥዕል ቤቶችን እያፈላለገ ለተከታዮቹ በስልክ ማሳየት ነው። «አገኘሁት!» ይላል በየሳምንቱ። ምኑን ነው ያገኘው? ሰዎች ለዓመታት የዘፈኑበትን፣ የሣሉበትን፣ ወለሉን ያጠቡትን ቤት በር ገፍቶ ስለገባ አገኘው ይባላል? ይባል ነበር። ሕዝቡም አምኖ በማግስቱ ይጎርፍ ነበር።

መርማሪዋ ስትደርስ ወጣቱ ፖሊስ ጉዳዩን ጨርሶ ጠበቃት።

«አደጋ ነው፣ ኢንስፔክተር። የጊታሩ አምፕሊፋየር አሮጌ ነው። ኤሌክትሪክ ያዘው፣ መብራቱን የሚቆርጠው ብሬከርም ወደቀ። ሬሳውን ያገኘችው የምድር ቤቱ አስተዳዳሪ ስትወርድ መብራት ጠፍቶ ነበር።»

መርማሪዋ የአምፕሊፋየሩን መሰኪያ ከግድግዳው ነቀለችና ብሬከሩን አነሳች። ክፍሉ በራ። መሰኪያውን መልሳ ስትሰካው ጨለመ። ምድር ቤቱ መስኮት የለውም፣ ከደረጃውም ብርሃን አይገባም፤ ጨለማው ዓይን ያጠፋል።

«ድገመው» አለችው ፖሊሱን። ደገመው። ያው ሆነ።

ቤቱን ከሟቹ ሌላ በዚያ ጠዋት የረገጡት ሦስት ሰዎች ናቸው፦ ድምፅ ተቆጣጣሪው፣ አንድ ሠዓሊና አስተዳዳሪዋ። አንድ በአንድ ልታነጋግራቸው መጀመሪያ ድምፅ ተቆጣጣሪውን ጠራችው። «ጆሮ» ነው የሚሉት።

«ያንን አምፕሊፋየር ከሥራ አውጥቼዋለሁ» አለ ጆሮ። «በተሰካ ቁጥር መብራት ይጥላል።»

«ሳይጥል የሚሠራበት መንገድ የለም?»

«አለ፤ የሞት መንገድ ነው እንጂ። ኤሌክትሪኩን ወደ መሬት የሚወስደው ሽቦ የተቆረጠ ኤክስቴንሽን አለን። በቀይ ፕላስተር ምልክት አድርጌ መጋዘን ሰቅዬዋለሁ። በእሱ ከተሰካ መብራቱን አይጥልም፤ ጊታሩን ይዞ ማይክ የሚነካውን ሰው ነው የሚጥለው።»

«ታዲያ ለምን አልጣልከውም?»

«እኛ ቤት ምን ይጣላል፣ ኢንስፔክተር? እኛ ራሳችን የተጣልን ነን።»

«አደገኛ መሆኑን ማን ያውቃል?»

«ሁሉም። ስጮህባቸው ነው የምውለው።»

«እስቲ ይህን ገመድ ከእግሬ ሥር አንሳልኝ» አለች፣ ወለሉ ላይ የተዘረጋ የማይክ ገመድ እያሳየችው። ጆሮ ሳያየው ጠቀለለው፤ አንዱን ዙር ወደ ውጭ፣ ቀጣዩን ወደ ውስጥ እየገለበጠ፣ እንደ ሐር ለስላሳ አድርጎ።

ሠዓሊው ሲገባ ገና ሳይቀመጥ ጀመረ።

«አዎ፣ ‹እገልሃለሁ› ብዬዋለሁ! ሰው ሁሉ እየሰማ! ሥዕሌን የሰቀልኩባቸውን ሁለት ቤቶች ‹አገኘሁ› ብሎ አሳየ። ሕዝቡ መጣ፤ አከራዮቹም ‹ለካ ቦታችን ይፈለጋል› አሉ። አንዱ ዛሬ ጫማ ይሸጥበታል፣ ሌላው መኪና። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው።»

«ሟቹ ጊታር ይችል ነበር?»

«እሱ? ክራሩን ከጊታር የሚለይም አይመስለኝ! ለፎቶ ነው። ጊታር ሳያነግትና ማይክ ሳይጨብጥ ፎቶ ተነስቶ አያውቅም። ይኼንንም ሁላችንም እናውቃለን።»

«ገመዱን አንሳልኝ እባክህ» አለች መርማሪዋ፣ መልሳ ወለሉ ላይ ዘርግታው።

ሠዓሊው እንደ ታጠበ ልብስ በሁለት እጁ አፈሰውና ጥግ ላይ ወረወረው።

በመጨረሻ ምድር ቤቱን ተከራይታ የምታስተዳድረው ሴት መጣች። ሙዚቀኞቹ «እታለም» ይሏታል፤ እሷም «ልጆቼ» ትላቸዋለች። ልጅ አልወለደችም፤ ያላት ይህ ምድር ቤት ነው። የቀን ቦታ የሌላቸው ሁሉ እዚህ ይለማመዳሉ፤ ከበሮውም፣ ሳክስፎኑም፣ የሚያንተባትበው ገጣሚም።

«ዛሬ ቤታችንን ለተከታዮቹ ሊያሳይ ነበር» አለች። «ደስ ብሎኝ ነበር።»

«እንዴት አገኙት?»

«ላይ ነበርኩ፣ የኔ እመቤት። ጓ ሲል ስልኬን እንኳ ሳልይዝ ሮጥኩ። መብራት ጠፍቷል። ከደረጃው ላይ ሳየው ማይኩን እንደጨበጠ ወድቋል። ጮህኩ።»

«አይዞዎት። ገመዱን ያነሱልኛል?»

እታለም አነሳችው። ከመዳፏ ወደ ክርኗ፣ ከክርኗ ወደ መዳፏ እየዞረች አጥብቃ ጠቀለለችው፤ ጫፉንም በጥቅሉ ወገብ ላይ አሰረችው።

መርማሪዋ ከዚያ መጋዘኑን ከፈተች። ገመዶቹ በየምስማሩ ተሰቅለዋል፤ ሁሉም ለስላሳ፣ ሁሉም አቧራ የለበሱ። አንዱ ብቻ፣ ባለ ቀይ ፕላስተሩ፣ አቧራው ተራግፏል። ለረጅም ጊዜ ቆማ አየችው። ያየችውን ባላየች ደስ ይላት ነበር።

ከምሳ በኋላ ሦስቱንም መድረኩ ፊት አስቀመጠቻቸው።

«አደጋ አይደለም» አለች። «አምፕሊፋየሩ ግድግዳው ላይ ተሰክቶ ሰው ሊገድል አይችልም፤ ሳይገድል መብራቱን ይጥላል። እኛ ግን ግድግዳው ላይ ተሰክቶ አገኘነው። እንግዲህ ፋኖስ የሞተው በሌላ ገመድ ነው፤ እሱ ከሞተ በኋላ ገዳዩ ያን ገመድ ነቅሎ ሰቀለውና አምፕሊፋየሩን ግድግዳው ላይ ሰካው። መብራቱም ያኔ ጠፋ።»

«ባለ ቀዩ!» አለ ጆሮ።

«አዎ። ሟቹ ጊታር አይችልም። ያስነገተው ‹ፎቶ ላንሳህ› ያለው ሰው ነው። ገመዱ ደግሞ ተጠቅልሎ ቦታው ተሰቅሏል። ሠዓሊው ቢሆን ኖሮ ጥግ ላይ ተወርውሮ አገኘው ነበር። ጆሮ ቢሆን እየገለበጠ ይጠቀልለው ነበር። የተጠቀለለው ግን በክርን ላይ ነው፤ ወገቡም ታስሯል።»

«በክርን አትጠቅልሉ፣ ሽቦው ውስጥ ውስጡን ይሰበራል እያልኩ ስንት ጊዜ…» ጆሮ ጀምሮ ዋጠው። ወደ እታለም ዞረ። «ኢንስፔክተር፣ እኔ ነኝ የጠቀለልኩት! ተሳስቼ ነው!»

«ዝም በል፣ ልጄ» አለች እታለም።

«ጆሮ የእታለምን አጠቃቀል አስመስሎ ጠቅልሎት ይሆናል ብዬ ነበር» አለች መርማሪዋ ቀስ ብላ። «እንዲያ ቢሆን እወድ ነበር ማለቴ አይደለም። ግን እታለም፣ መስኮት በሌለው ቤት፣ መብራት ጠፍቶ፣ ስልክ ሳይዙ፣ ከደረጃው ላይ ሆነው ማይኩን እንደጨበጠ እንዴት አዩት? ያዩት መብራቱ ሳይጠፋ ነው።»

ሠዓሊው ተነስቶ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ለመንኩት» አለች እታለም። «እግሩ ላይ ወደቅኩ። ‹ስምንት ዓመት ማንም ሳያየን ኖረናል፤ ተወን› አልኩት። ‹ዓለም ይወቅሽ እንጂ› ብሎ ሳቀ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ እሱ እኮ ነው የከፋው። ክፉ ቢሆን እንለምነው ነበር? አከራዩን ደግሞ ለምኜው አውቃለሁ፤ ቦታው ከተፈለገ ያስወጣናል።»

«ገመዱን ለምን እዚያው አልተዉትም?»

እታለም እንዳልገባት አየቻት። «መድረክ ላይ? ልጆቹ ይደናቀፋሉ።»

ፖሊሱ ካቴናውን አወጣ። መርማሪዋ በዚያ ሰዓት ሕጉን ገጽ በገጽ አሰበችው። ለገዳይ አንቀጽ አለው፤ ለማስረጃም፣ ለመሣሪያም። ሰው አርባ ጊዜ ለምኖ አርባ ጊዜ ስለሚባረርበት ነገር አንድ መስመር የለውም። ይህን የጻፉት ሊቃውንት ቤት ነበራቸው።

ወጡ። በሩ ላይ ሕዝቡ ግጥም ብሏል። ዜናው በስልክ ተዳርሷል፤ ግማሹ እጁን ዘርግቶ ፎቶ ያነሳል። አንዲት ልጅ እንባዋ እየወረደ ሠዓሊውን በትሕትና ጠየቀችው፦

«ይቅርታ፣ እንዲህ ያለ ቤት መኖሩን አላውቅም ነበር። ሙዚቃው የሚኖረው ማታ ማታ ነው?»

እታለም ሕዝቡን አየች። ከዚያ የፖሊስ መኪናው ውስጥ ገባች።

ከሰዉ መሀል ዘንጦ የለበሰ ሰውዬ ወደ መርማሪዋ ተጠጋ። የቤቱ አከራይ ነው። ቀጠሮ ያለው ይመስል ሰዓቱን ያያል።

«ኢንስፔክተር፣ ቤቱ ለምርመራ ይታሸጋል መሰለኝ?»

መርማሪዋ ወደ ኋላዋ ዞረች። ጆሮ በሩ ሥር ቆሞ ያያታል። ‹አዎ፣ ዓመት ይታሸጋል፣ ማንም አይነካውም› ማለት ትችል ነበር። ወንጀሉ ባይፈታ ኖሮ።

«ምርመራው አልቋል» አለች።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለ ሰውዬው፣ ከልቡ። ከዚያም ወደ ደጁ ሄዶ ስፋቱን በእርምጃው ይለካ ጀመር።