በእጅሽ ልክ

«ባንታምላክ ዶካ ከተማ ላይ ሚስት አለችው» ትላለች የሺመቤት፣ መኪና በሚጠገንበት ወርሻ በር ላይ ሻይ የምትሸጠው። ሰኞ ያወራችውን ረቡዕ ስትደግመው ሚስቲቱ አረገዘች፤ ዓርብ ላይ መንታ ወለደች።

«እንግዲያውስ እሑድ ለክርስትናው ጥሪኛ፣ እትየ የሺ!» አለች ትሁት ከመኪና ሥር።

አፏ ነው የቀለደው፤ እጇ ያጠበቀውን ብሎን መልሶ ፈታ። እሱኑ እንዳትጠይቀው፣ «አዎ» ቢላት ያን ሁሉ ኩራቷን የት ታደርገዋለች?

ሱዳን፣ ገዳሪፍ ውስጥ፣ በአጎቷ ወርሻ፣ የስልክ ቪዲዮ እያየች ሙያውን ለብቻዋ የለቀመች ልጅ ናት። «ማን አስተማረሽ?» ለሚላት፣ «የሳቁብኝ» ነው መልሷ።

ባንታምላክ የሰሊጥ ነጋዴ ሾፌር ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት፣ በራሱ የሚከፈተው የመኪናው የኋላ በር ግማሽ ላይ ቆሞበት፣ በገመድ ጠፍሮት መጣ።

«ይህ አስተሳሰር ለአህያ ጥሩ ነበር» አለችው።

ሳቀ። ከዚያ ወዲህ፣ ስልክ እያለው፣ «የበሩ ሞተር መጣ ወይ?» እያለ በየቀኑ በእግሩ ይመላለሳል። እንደ ሱዳኖቹም «ባሽሙሃንዲሳ» ይላታል፣ ኢንጂነሯ ማለቱ ነው።

ዛሬ ጠዋት ሞተሩ መጥቶ ገጠመችው። አዲስ ሞተር ግን በሩ የት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ አያውቅም፤ ይማራል። በሩን በእጇ ጥርቅም አድርጋ ዘጋች፤ የበሩን መክፈቻ ቁልፍ ተጭና ያዘች። ጢጥ አለ። በሩ ቀስ ብሎ ወጣ፣ ቀስ ብሎ ወረደ፣ ልኩን አወቀ። የቀረው ቁመቱ ነው፤ በጣም ከፍ ካለ፣ አጭር ሰው ጫፉ ላይ ያለውን መዝጊያ ቁልፍ አይደርስበትም።

ባንታምላክ እንደ ልማዱ በእግሩ ሲደርስ፣ ቀና ሳትል ጠየቀችው።

«የሚዘጋው ማን ነው? ቁመቱን በሰው ልክ ነው የምሞላው።»

«ሴት ናት።»

መፍቻው እጇ ላይ ከበዳት።

«የዶካዋ?»

«የዶካዋማ እኅቴ እናትነሽ ናት። ለሱቋ ዕቃ አወርድላታለሁ።»

«መንታዎቹስ?»

«የምን መንታ?»

ከሻዩ በኩል የሺመቤት ጉሮሮዋን ጠራረገች።

«እና የሴትዮዋ ቁመት ስንት ነው?»

«እጅሽን ወደ ላይ ዘርጊ።»

«ለምን?»

«ዘርጊ ስልሽ፣ ባሽሙሃንዲሳ!»

በዘይት የጠቆረ እጇን ዘረጋች። እሱ በሩን ዝቅ፣ ዝቅ አደረገው፤ ጣቷን ሲነካ አቆመው። መንገድ ላይ ያለው የባለሦስት እግሩ ረክሻ ጡሩንባ እንኳን የራቀ መሰላት።

«እዚህ ላይ ሙዪው» አላት።

«ኋላ ሐሳቤን ቀየርኩ ብትል መልሼ አልሞላም።»

«ኸላስ፣ በቃ መልሰሽ አትሙዪ!»

ቁልፉን ተጭና ያዘች። ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ።

«ሚስት አለችው ብያለሁ! ብያለሁ!» የሺመቤት እልልታዋን አቀለጠችው።

ሽማግሌዎቹ ከዶካ መጡ፤ ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ሆነ። ነጋዴው ባዋሳቸው በዚያው መኪና፣ አበባ በአበባ ሆነው ሊነሡ ሲሉ፣ ባንታምላክ ከመሪው ጎን አንዲት ቁልፍ ነካ። የኋላው በር ብቻውን ወርዶ ተዘጋ።

«ሁልጊዜም ከዚህ ነው የምዘጋው» አለ፣ እንደሚናዘዝ ሰው። «ያን ዕለት ቁመት መለካቱ አያስፈልግም ነበር።»

ትሁት ቬሏን እያስተካከለች ወደ መስኮቱ ዞረች። ያችን ቁልፍ እሱ ከመምጣቱ በፊት፣ ያን ዕለት ጠዋት ሞክራት ነበር። ትሠራለች።