አሥር ውኃ

«ና እስቲ ቁልፉ፣ አንተም እያቸው» ትለኝ ነበር፣ ከማይክሮስኮፑ ፈቀቅ ብላ።

ቁልፉ ያለችኝ እሷ ናት፤ አፌ ስለማይከፈት። እኔ የላቦራቶሪው ጠርሙስ አጣቢ ነኝ። እሷ፣ ጊዜያዊ ተመራማሪዋ፣ እኔ ባጠብኳቸው ጠርሙሶች ውስጥ ግንደ ሕዋስ ታሳድግ ነበር፤ ቆዳም ልብም መሆን የሚችል ሕዋስ።

«ገና ምን እንደሚሆኑ አልወሰኑም» አለችኝ አንድ ቀን። «እንደ አንተ።»

በየጠዋቱ ጥቂት ጠብታ ቀድታ ሰማያዊ ቀለም ትጨምርበታለች። የሞተ ሕዋስ ቀለሙን ያስገባል፤ በሕይወት ያለው አያስገባም። በሕይወት ያሉትን፣ ሲጫኗት ቀጭ በምትል ትንሽ መቁጠሪያ ትቆጥራለች። ቁጥሩ ሦስት ሳምንት ሳይወርድ ካደገ ሥራዋ ቋሚ ይሆናል።

«ቋሚ የሆንኩ ዕለት፣ ያንን በሆድህ የያዝከውን ትነግረኛለህ» አለችኝ። «መልሱን አስቤ ጨርሻለሁ።»

ከደስታዬ ብዛት የማደርገው ጠፋኝ። የክፍሉ ሽታ ራሷን እንደሚያሳምማት ነግራኝ ነበር። ጽጌረዳ የሚሸት ሳሙና ገዝቼ ጠርሙሶቿን አጠብኩላት። ደንቡ ሳሙናው ፈጽሞ እስኪለቅ አሥር ውኃ ነው። መዓዛው እንዳይለቅ በሁለት ውኃ ብቻ አለቀለቅኳቸው።

ሰኞ ቁጥሩ ወረደ። ማክሰኞ በማይክሮስኮፑ ሳይ ሁሉም ሰማያዊ ነው። ባዶውን ጠርሙስ አንስቼ አሸተትኩት።

ጽጌረዳ።

ረቡዕ እስከ አለቃችን በር ሄጄ ተመለስኩ። እናቴ «በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም» ትላለች። ሐሙስ እሷ እጇን ስትታጠብ፣ እንደገና ስትታጠብ አየኋት።

«እጄ ነው የገደላቸው» አለች።

ቧንቧውን ዘጋሁላት።

ዓርብ አለቃው ቦታዋን ለሌላ ሰው ሰጠ። ጋዋኗን አጣጥፋ፣ መቁጠሪያዋን ይዛ ወደ እጥበት ክፍሉ መጣች።

«በል፣ ቋሚ ባልሆንም ንገረኝ» አለች። ፈገግ ለማለት ሞከረች።

«ሳሙናው ነው» አልኳት። ከዚያ ሁሉንም ዘረገፍኩት። በዕድሜዬ እንደዚያ አውርቼ አላውቅም።

የተደረደሩትን ጠርሙሶች ብቻ አየች።

«መቼ አወቅህ?»

«ማክሰኞ።»

መቁጠሪያዋን ወደ ዜሮ መለሰቻት። ዓይን ዓይኔን እያየች፣ አፌን ለዘጋሁበት ለእያንዳንዱ ቀን አንዴ ተጫነቻት። ቀጭ። ቀጭ። ቀጭ። ቀጭ። ማጠቢያው ጠርዝ ላይ አኑራልኝ ወጣች።

ሮጬ አለቃው ዘንድ ገባሁ። «አሁንማ ሰው ቀጥሬያለሁ» አለኝ። «ትናንት ምነው አፍ አልነበረህም?»

ዛሬ በአሥር ውኃ አለቀልቃለሁ። የምቆጥረው ግን በጣቴ ነው። መቁጠሪያዋ እዚያው አራት ላይ ናት፤ ማንንም አላስነካም።