የሚገናኙ ገጾች

ወለላ ደሴ ውስጥ ባለ አንድ የግል ማዋለጃ ክሊኒክ የድረ ገጹ ኃላፊ ከሆነች አምስተኛ ወሯ ነበር። ጠዋት ጠዋት ጭጋጉ ከመስኮቱ ሳይነሳ ትገባለች፤ ኮምፒውተሯን ከፍታ ኢንተርኔት ላይ «ደሴ ማዋለጃ» ብላ ትፈልግና ክሊኒኩ ስንተኛ እንደወጣ ታያለች። ከእሷ በፊት የነበረው ሠራተኛ ከጫማ ሻጮችና ከቁማር ገጾች ወደ ክሊኒኩ ገጽ የሚመራ ሦስት መቶ ሊንክ ሰብስቦ ነበር። ሁሉንም አስነሳቻቸው።

«የኢንተርኔት መፈለጊያው ብዛት ብቻ አያይም» አለቻቸው ለክሊኒኩ ባለቤት ለዶክተር አስናቀ፤ «ወደ እኛ የሚጠቁመው ገጽ ከሥራችን ጋር መገናኘት አለበት።»

ሰኞ ዕለት ክሊኒኩ ከሰባተኛው ገጽ ተነሥቶ አንደኛ ሆኖ አገኘችው። ደስ አላት። ምክንያቱን ስትፈልግ አሥራ ሁለት አዳዲስ ሊንኮች አየች፤ ሁሉም ስሙን ሰምታ ከማታውቀው አንድ ድረ ገጽ የመጡ ናቸው። የመጀመሪያውን ስትከፍት ጥቁር ጠርዝ ያለው የሐዘን መግለጫ ነው፤ የሴት ስም፣ ዕድሜ፣ የቀብር ቀን፣ ከግርጌው ደግሞ «እዚህ» የሚል ቃል። ቃሉን ስትነካው ሕፃን ያቀፈች እናት ፈገግ ያለችበት የክሊኒካቸው ገጽ ተከፈተ።

ሌሎቹም እንዲሁ። የተቀናቃኝ ተንኮል መሰላት። ግን የለቅሶና የወሊድ ገጽ ምን ያገናኛቸዋል? የማይገናኝ ሊንክ እንዲህ ከፍ አያደርግም። መፈለጊያው ያየው፣ እሷ ግን ያላየችው ነገር አለ። የአልኮሉ ሽታ ከመተላለፊያው በበሩ ሥር እየገባ፣ ከግድግዳው ወዲያ የሕክምና መሣሪያ መቀቀያው ሳያቋርጥ እየተንፈቀፈቀ፣ ስሞቹን አንድ በአንድ ከታካሚዎች መዝገብ ጋር ማስተያየት ጀመረች። ሁሉም እዚያ ነበሩ።

ዶክተሩ ቢሮ ገብታ በሩን ዘጋች። «ዶክተር፣ እዚህ የሞቱ እናቶች አሉ?»

መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። «ማን ነገረሽ?»

«ኢንተርኔት ላይ ወጥተዋል። አሥራ ሁለቱም።»

«አሥራ አንድ ናቸው» አሉ በዝግታ። «መሞታቸውን ደብቄያለሁ፤ ቁጥራቸውን ግን አልረሳም።»

ወለላ ስልኳን አዞረችላቸው። «የመጨረሻዋ ከድጃ ይመር ትባላለች። ቀብሯ ነገ ነው ይላል።»

ዶክተሩ ስሙን ሁለት ጊዜ አነበቡት፤ ከዚያ ቀስ ብለው ወደ ማዋለጃ ክፍሉ በር ዞሩ።

«ከድጃ እኮ ገና አሁን ነው አልጋ የያዘችው» አሉ፤ «ምጧም አልጀመረም።»