ሌሶቶ ላይ ጭነቴን ያሰረው ሰው

እኔ በመንፈስ፣ በጥላ፣ በምናምን የማላምን ሰው ነኝ፣ ካላመናችሁ ደባርቅ ገበያ ገብታችሁ ምትኩ በቅሎ ጫኙን ብላችሁ ጠይቁ። ዕድሜ ልኬን ስሜን ተራራ ላይ ስጭን ጅብ አባሮኛል፣ ጭላዳ ዝንጀሮ ዳቦዬን ነጥቆኛል፣ አንዲት ፈረንጅ በቅሎ ላይ ተኝታ ተራራው እስኪያስተጋባ አንኮራፍታብኛለች፣ ሙት ግን አንድም ቀን አላጋጠመኝም። ይሄን የምነግራችሁም ወድጄ ሳይሆን ተናድጄ ነው።

ባለፈው ዓመት የልምድ ልውውጥ ተብሎ ሌሶቶ ወደምትባል አገር ተላክሁ። ትንሽ ናት፣ ዙሪያዋን ደቡብ አፍሪካ ከቧታል፣ እዚያ ብታስነጥሱ ይማራችሁ የሚላችሁ የጎረቤት አገር ሰው ነው፣ ተራራዋ ግን ተራራ ነው፣ አልዋሽም፣ ሰዎቹ ብርድ ልብስ ደርበው በፈረስ ሲያልፉ የኛው ኮሶዬ ተራራ ላይ ያለሁ መስሎኝ ሁለት ጊዜ "እንደምን ዋላችሁ" ብያለሁ። አስተናጋጄ ታቦ የሚባል ረጅም ፈረሰኛ ነበር፣ የምንግባባው በተሰባበረ እንግሊዝኛ ነው፣ የሁለታችንም ስለተሰባበረ አንዱ ሌላውን አይንቅም።

በሦስተኛው ቀን፣ ልብ በሉ እኩለ ቀን ላይ ነው፣ ዳገት ስንወጣ ጉም ወረደብንና የገዛ ጫማዬን ማየት አቃተኝ። ታቦ መንገዱን ልይ ብሎ ቀደመ፣ እኔ የጭነት ፈረሱን ይዤ ቀረሁ፣ ጭነቱም ወደ አንድ ጎን ተንጋዷል። ላስተካክል ስል ጠጠር ሲንሸራተት ሰማሁ፣ ቀጥሎ በጥርስ መሀል የሚወጣ ፉጨት፣ ቀጭን፣ መጨረሻው ላይ የሚሰበር። እመኑኝ፣ እንዲያ የሚያፏጭ አንድ ሰው ብቻ ነው የማውቀው፣ ታናሽ ወንድሜ ዘውዱ፣ እሱም ከስድስት ዓመት በፊት ቧሂት ተራራ ሥር ጉም ውስጥ ከነበቅሎው ገብቶ አልወጣም፣ አስከሬኑም አልተገኘም።

"ታቦ" ብዬ ተጣራሁ፣ ከሩቅ ከላይ መለሰልኝ። ፉጨቱ ግን ከፈረሱ ማዶ ነው። ጎንበስ ብዬ በሆዱ ሥር ባይ የሰው እግር የሚባል የለም። ገመዱ ሲጠብቅ ሲጥ አለ፣ ጭነቱም ቀስ ብሎ ቀና አለ። ዞሬ ስደርስ ማንም የለም፣ ጭነቱ ግን ታስሯል፣ ቋጠሮውም የዘውዱ ነው።

ላስረዳችሁ፣ አባታችን ጭነት ማሰር ሲያስተምረን እኔ ከጎኑ ተቀመጥኩ፣ ዘውዱ ሞኙ ፊት ለፊቱ ተቀመጠና ቀኙን ግራ፣ ግራውን ቀኝ አድርጎ ተማረው፣ ቢገረፍም አልተቃና፣ እሱ ያሰረውን ጭነት ከደባርቅ እስከ ዳባት የሚፈታ አልነበረም፣ ስንቱ ጫኝ ጥፍሩን ሰብሮበታል።

እንግዲህ ፍረዱኝ። ስድስት ዓመት ጠፍቶ፣ ሚስቱን ከሁለት ልጅ ጋር ጥሎ፣ መጥቶ የኔን ጭነት ያርማል? የታላቁን? እንደምን ዋልክ የለ፣ ልጆቼ እንዴት ሆኑ የለ። እዚያው ቆሜ "አንተ ስድ፣ ታላቅህን እንዲህ ነው የሚሉት? ና ውጣ" አልኩት። ማንም አልወጣም።

ታቦ ሲመለስ "አንተ ነህ ያሰርከው?" አልኩት። እንዲህ ያለ ቋጠሮ በዕድሜዬ አላየሁም አለ፣ ሊፈታ ታገለ፣ ታገለ፣ በመጨረሻ በቢላዋ ቆረጠው። ማስረጃዬም በዚያው ቀረ።

ደባርቅ ስመለስ የዘውዱ ሚስት ጥሩወርቅ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ እምቢ ስትል የኖረችውን ተዝካር ልታወጣ ተነስታለች። ዳባት ያለ አንድ ደግ ሰው ሊያገባት ጠይቋታል፣ መልስ የምትሰጠው ከተዝካሩ በኋላ ነው። ጨነቀኝና ወደ ንስሐ አባቴ ሄድኩ።

"አባ፣ በሕይወት ቢኖርስ?"

"ፊቱን አይተኸዋል?"

"አላየሁም፣ አባ።"

"አነጋግሮሃል?"

"እሱ መች ሰው ያነጋግራል።"

"እኔ በገመድ ምስክርነት ፍትሐት አላስቀርም" አሉኝ፣ "ለሷ ግን ንገራት፣ ጉዳዩ የሷ ነው።"

ስነግራት ለተዝካሩ ጠላ ብቅል ታበጥር ነበር፣ ቀና እንኳ አላለችም።

"አያ ምትኩ፣ ቀልድህን ነው?"

"በአባቴ አጥንት፣ አይደለም።"

"ፈረሱ ተጎድቶ ነበር?"

"ጀርባው ትንሽ ተልጦ ነበር።"

"እንግዲያ የመጣው ለፈረሱ ብሎ ነው፣ ላንተ አይደለም" አለችና ብቅሉን ወደ ጆንያው መለሰችው። "ከእንግዲህ ጉም ሲወርድ አንጋድደህ ጫን።"

ይሄው እኔ፣ የደባርቅ አንደኛ ጫኝ፣ ጉም በወረደ ቁጥር እንደ ጀማሪ አንጋድጄ እጭናለሁ፣ ጓደኞቼ "አያ ምትኩ፣ ዓይንህ ደከመ እንዴ?" እያሉ ይስቁብኛል፣ ቱሪስቱ ሻንጣዬ ወደቀ ይላል፣ ተዝካሩ የቀረባቸውም አኩርፈውኛል። ባለፈው ሳምንት አምባራስ መንደር አጠገብ ጉሙ ድፍን አለ፣ ቆሜ ጠበቅሁ፣ ኮሽ የሚል ነገር የለም፣ ጭነቱም እንደተንጋደደ ነው። በቃ ልሂድ ብዬ ብጎትታት በቅሎዋ እምቢ አለች፣ ከኋላዋ የያዛት ሰው ያለ ይመስል እግሯን ተክላ ቆመች፣ ጉሙ እስኪገለጥ ንቅንቅ አላለችም።

ይሄንን ለጥሩወርቅ አልነገርኳትም። የዳባቱ ሰውዬ አሁንም መልስ እየጠበቀ ነው።